መዝገብ ቤት የገባ አይወጣም? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የሪከርድ (የሥራ ማስረጃ ሆኖ የሚቀመጥ ሰነድ) ሥራ አመራርንና የመንግሥት መረጃ አስተዳደርን ሙያ በተመለከተ ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ገቢ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ ለወጪ ደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ባልደረቦቼ «እዚያ የገባ አይወጣም» ይሉኛል። ከዚህ ወዴት ይኬዳል?

መልስ፦ ቁጥር በመስጠትና ፋይል በማመላለስ ብቻ ጡረታ የሚወጣ ሰው አለና ባልደረቦችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ከዚያ የሚወጣው ግን «ፋይሉ የት አለ?» የሚለውን ከመመለስ አልፎ «እስከ መቼ ይቆይ? ማን ይየው? በማን ፈቃድ ይወገድ?» ለሚሉት መልስ ማዘጋጀት የጀመረ ነው። የሪከርድ ኦፊሰር፣ የሪከርድ ተንታኝ፣ የክፍል ኃላፊ የሚባሉት የሥራ መደቦች የሚከፈላቸው ለእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ከዋናው መሰላል ጎን ደግሞ ቅርንጫፎች አሉ፦ ለሕዝብ መረጃ የሚሰጥ ኃላፊ፣ የግል መረጃ ጥበቃ ኃላፊ፣ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሥርዓት አስተዳዳሪ፣ የቤተ መዛግብት ባለሙያ።

አሁን ባሉበት ወንበር ሆነው የሚጀምሩት ነገር አለ። ከፋይል ማውጫው ላይ 20 ቁጥሮችን በዘፈቀደ ይምረጡና እያንዳንዱ ፋይል በ10 ደቂቃ ውስጥ መገኘት አለመገኘቱን ይመዝግቡ። ያልተገኙትን በምክንያት ይለዩ፦ ያለ ቦታው የገባ፣ ያለ ተውሶ ካርድ የወጣ፣ ለአንድ ጉዳይ በሁለት ስም የተከፈተ። ብዙ የሚያስተምረው ሦስተኛው ነው። አንዱ ሠራተኛ «የተሽከርካሪ ጥገና»፣ ሌላው «የመኪና ዕድሳት» ብሎ ከከፈተ ጉዳዩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ውሳኔው በአንዱ፣ ክፍያው በሌላው ይቀራል። ችግሩ የሠራተኛ ስንፍና ሳይሆን የተፈቀዱ ርዕሶች ዝርዝር አለመኖሩ ነው። ውጤቱን ከመፍትሔ ሐሳብ ጋር በሁለት ገጽ ጽፈው ለኃላፊዎ ያቅርቡ፤ ከሦስት ወር በኋላ በሌሎች 20 ቁጥሮች ይድገሙት። በሥራ ማመልከቻዎ ላይ «ፋይል በማደራጀት ልምድ አለኝ» ከማለት የሁለቱን ሙከራዎች ቁጥር መጻፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ነኝ። «የመረጃ አስተዳደር ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዳታቤዝ ማስተዳደር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ዕውቀትዎ ግን ይፈለጋል። የዳታቤዝ ባለሙያ ሥርዓቱ እንዲሠራ ያደርጋል። የመረጃ አስተዳደር ባለሙያ ደግሞ በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ነገር ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ሆኖ ይቆም እንደሆነ ይጠይቃል። አይ ኤስ ኦ 15489 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ (መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2016 የተሻሻለ) ሪከርድን በአራት ባሕርያት ይመዝነዋል፦ ትክክለኛ ምንጩ የሚታወቅ፣ ይዘቱ የሚታመን፣ ያልተነካካ እና ተፈልጎ የሚነበብ መሆን አለበት። ምትኬ ቅጂ ከእነዚህ አንዱንም በራሱ አያሟላም፤ ማን መቼ ምን እንደቀየረ አይነግርም፣ መወገድ ያለበትንም አብሮ ያስቀምጣል። የቴክኖሎጂ ሰዎች በቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት «ሁሉንም እናስቀምጣለን፣ ማከማቻ ርካሽ ነው» ሲሉ ነው። የግል መረጃ ሕግ ባለበት አገር ሁሉ ካስፈለገው ጊዜ በላይ ማቆየት በራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ የመረጃ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ያስቀመጡትን በሙሉ መፈተሽ ይኖርብዎታል።

መስኩ በሕግ ኃይል እያደገ መሆኑንም ይወቁ። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ሥራ ላይ ከዋለበት ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት አካላት የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ የመሰየም ግዴታ አለባቸው፤ ፍርድ ቤቶች በዳኝነት ሥራቸው ብቻ ከዚህ ነፃ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለፈተና «ለግዥ ክፍል የማቆያ ጊዜ ሠንጠረዥ አዘጋጅ» ተብዬ ተቸገርኩ። ከምን ይጀመራል?

መልስ፦ የማቆያ ጊዜ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ዓይነት ሪከርድ እስከ መቼ እንደሚቆይና ከዚያ ምን እንደሚደረግ የሚወስን ዝርዝር ነው። ከሙያው ሁሉ ከባዱና የሥራ ቦታ የሚያስገኘው ሥራ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልስ።

የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር ይዘው አይጀምሩ። ክፍሎች ይዋሃዳሉ፣ ስማቸው ይቀየራል፣ ሠንጠረዡም አብሮ ይሞታል። ከሥራው ይነሡ፦ ዕቅድ፣ ጨረታ፣ ግምገማ፣ ውል፣ ርክክብ፣ ክፍያ። እያንዳንዱ ሥራ ምን ሪከርድ እንደሚያመነጭ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ይጻፉ። በመደርደሪያ ያለውን ብቻ አይቁጠሩ፤ የጨረታ ማብራሪያ ጥያቄና መልስ በኢሜይል ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ዋናውን ቅጂ ይለዩ። አንድ ደብዳቤ ለስድስት ክፍሎች በግልባጭ ከተላከ ስድስቱም ለ10 ዓመት መቀመጥ የለባቸውም። ጉዳዩን የሚያስፈጽመው ክፍል ቅጂ ሪከርዱ ነው፤ የሌሎቹ ሥራቸው ሲያልቅ ይወገዳል ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የመደርደሪያ ቦታ በማስለቀቅ ረገድ የምትሠራውን ሌላው አይሠራውም።

ከዚያ ጊዜውን ይወስኑ። ሕግ ያስቀመጠው ጊዜ ካለ እሱ ነው ዝቅተኛው። ከሌለ የይርጋ ጊዜን (ክስ ማቅረብ የሚቻልበትን ገደብ)፣ የኦዲት ዑደትንና የክፍሉን የሥራ ፍላጎት አመዛዝነው ረጅሙን ይውሰዱ። «ለጥንቃቄ» እያሉ ሁሉንም «ቋሚ» ማለት ግን ውሳኔ መሸሽ ነው፤ ፈታኝ ወዲያው ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው መነሻ ቀኑን ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ከየትኛው ድርጊት ነው? በ2015 ተፈርሞ በ2020 የሚያልቅ ውል አለ እንበል፤ የማቆያ ጊዜው 7 ዓመት ነው። ከፊርማው ከቆጠሩ በ2022 ይወገዳል፤ ውሉ ካለቀ ገና ሁለት ዓመቱ፣ ክርክርም ሊነሣበት የሚችል። ከውሉ ማብቂያ ከተቆጠረ 2027 ይሆናል። ስለዚህ «7 ዓመት» ብቻ ተብሎ አይጻፍም፤ «ውሉ ከተጠናቀቀ ወይም ከተቋረጠ በኋላ 7 ዓመት» ይባላል። መነሻው የሚታወቅ እንዲሆንም ፋይል ሲዘጋ የሚዘጋበትን ቀን የሚመዘግብ ሰው መሰየም አለበት፤ ያልተዘጋ ፋይል ጊዜው መቆጠር አይጀምርምና።

በመጨረሻ የጊዜው ማብቂያ ዕጣ ይጻፋል፦ ይወገድ፣ ወደ ቤተ መዛግብት ይዛወር፣ ወይም በባለሙያ ዳግም ይታይ። የተሸነፉ ተጫራቾች ሰነድና የትልቅ ድልድይ ውል አንድ ዕጣ የላቸውም። ረቂቁን የሕግ፣ የፋይናንስና የኦዲት ክፍሎች አይተውት የበላይ ኃላፊ ይፈርምበታል፤ ሕጉ የሚጠይቅ ከሆነ የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱም ፈቃድ ይጨመራል። ያልጸደቀ ሠንጠረዥ ይዞ አንድ ወረቀት ማስወገድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ኃላፊያችን «ሁሉንም ስካን አድርገን ወረቀቱን እናቃጥል» ይላሉ። የሥራ ዕቅዱን እኔ እንዳወጣ ታዝዣለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ መደርደሪያውን በሜትር ይለኩ። 500 ቅጠል ያለው ተራ የወረቀት ጥቅል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ስለዚህ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ 1 ሜትር እስከ 10 ሺህ ቅጠል ይይዛል። ማኅደርና ክሊፕ ሲኖር ይቀንሳል። 100 ሜትር ካለዎት ወደ ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጠል እያሰቡ ነው፤ ፊትና ጀርባ የተጻፈበት ከሆነ ገጹ እጥፍ ነው። ስካነሩ በደቂቃ 60 ቅጠል ያነባል ብሎ ማባዛት ያሳስታል። ጊዜ የሚበላው ሽቦ መንቀል፣ የተቀደደ ማስተካከልና እያንዳንዱን ፋይል መመዝገብ ነው። የራስዎን ፍጥነት ለማወቅ አንድ ሜትር ወስደው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርተው ይለኩ፤ ዕቅዱን በዚያ ያባዙ።

ከዚያ በፊት ግን የማቆያ ጊዜ ሠንጠረዡን ይተግብሩ። ጊዜው ያለፈበትንና ድግግሞሹን አስወግደው የቀረውን ብቻ ስካን ያድርጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚወገድ ፋይል ስካን ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው። ለጽሑፍ ሰነድ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን በፒዲኤፍ ኤ ያስቀምጡ፤ ፊደሎቹን በውስጡ ስለሚይዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይዘበራረቅም። እያንዳንዱ ፋይል ቢያንስ ቁጥር፣ ርዕስ፣ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን፣ የምስጢር ደረጃና የማቆያ ምድብ ይኑረው። እነዚህ ከሌሉ የወረቀት ክምር ወደ ምስል ክምር ተለወጠ እንጂ ምንም አልተሻሻለም፤ ምስልን እንደ ወረቀት ገለጥ ገለጥ አድርጎ መፈለግ እንዲያውም ይከብዳል።

የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ጀርባው ሳይነበብ ያለፈ ቅጠል፣ ሁለት ቅጠል አብሮ መግባት፣ የደበዘዘ ማኅተም፣ በኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ትእዛዝ አለመታየት። የገጽ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይይዛል። ለቀሩት ምስሉን ከወረቀቱ አጠገብ አድርጎ የሚያይ፣ ስካኑን ያልሠራ ሰው ያስፈልጋል። ማቃጠሉ የሚመጣው የአገሩ ሕግ ዲጂታል ቅጂውን እንደ ዋና ማስረጃ የሚቀበል መሆኑ በሕግ ክፍል በጽሑፍ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ታሪካዊ ዋጋ ያለው ወረቀት ያኔም አይቃጠልም።

ጥያቄ፦ የምስክር ወረቀት ግድ ነው?

መልስ፦ ለመግቢያ አይደለም። ሲ አር ኤም የሚባለው ዓለም አቀፍ የሪከርድ ሥራ አስኪያጅነት ምስክርነት ስድስት ክፍል ፈተና አለው፤ የመጨረሻው በጽሑፍ የሚሠራ የችግር ትንታኔ ነው። የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ የሚቸኮልበት አይደለም። ከአይ ኤስ ኦ 15489 ቀጥሎ 30301ን ያንብቡ፤ የመጀመሪያው መመሪያ ነው፣ ሁለተኛው ግን ተቋም ተመርምሮ ዕውቅና ሊያገኝበት የሚችል ነው። ልዩነቱን ማወቅ በቃለ መጠይቅ ላይ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ኃላፊዬ አንድን ማኅደር «አስወግጂው» ብለው በቃል አዘዙኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቃል ትእዛዝ አይወገድም። «የማስወገጃ ፎርሙን ልሙላልዎት» ብለው ያቅርቡላቸው፤ አባባሉ እምቢታ አይመስልም፣ ጉዳዩን ግን ወደ ወረቀት ያመጣዋል። ፎርሙ የማኅደሩን ቁጥርና ርዕስ፣ የሚሸፍናቸውን ዓመታት፣ የሠንጠረዡን ተራ ቁጥር፣ የአወጋገድ ዘዴ፣ የፈቃጁን ስምና ፊርማ እንዲሁም የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይይዛል። ከመሙላትዎ በፊት ማኅደሩ በክስ፣ በኦዲት ወይም በመረጃ ጥያቄ ያልተያዘ መሆኑን ያረጋግጡ። ከተያዘ የማቆያ ጊዜው ቢያልፍም አይነካም፤ «እግድ» የሚል ምልክት አድርገውበት ለሕግ ክፍል በደብዳቤ ያሳውቁ፣ የደብዳቤዎንም ግልባጭ በዚያው ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡ። የተሞላው ፎርም ራሱ ሪከርድ ነው፤ ማኅደሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ።