አዲስ አበባ ላይ ቤት አከራይቶ ማትረፍ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ኪራይ ቤት የጠየቃችሁኝን እነሆ። ኮንዶሚኒየምም አፓርታማም አከራያለሁ። የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ግን ጠበቃ ይያዝ።

ጥያቄ፦ 8 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አግኝቻለሁ። በወር 40 ሺህ ይከራያል ተብያለሁ። 70 በመቶውን ብበደር ኪራዩ ዕዳውን ይከፍልልኛል?

መልስ፦ አይከፍልም ወንድሜ። የዓመት ኪራዩ 480 ሺህ ነው፤ የቤቱን ዋጋ 6 በመቶ ማለት ነው። ብድርህ 5.6 ሚሊዮን ይሆናል። ወለዱን 16 በመቶ ብንይዘው፣ በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ ብቻ ወደ 900 ሺህ ይጠጋል። ዋናው ገና አልተነካም! በየወሩ 35 ሺህ ገደማ ከኪስህ ትጨምራለህ፤ ያውም ቤቱ አንድም ወር ባዶ ካላደረ። ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ እንኳ 7 በመቶ ነው፤ ከኪራዩ 6 በመቶ ይበልጣል። ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? የቤት ዋጋ ይጨምራል ብሎ ነው። ሊጨምር ይችላል። ጭማሪው ግን ቤቱ ሲሸጥ የሚገኝ እንጂ የወሩን ዕዳ የሚከፍል አይደለም። ሙሉ ገንዘቡ በእጁ ላለ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ቅድሚያ ልቀበል?

መልስ፦ አይቻልም እህቴ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ አይፈቅድም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጸናል። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚታወጀው ልክ እንጂ እንዳሻሽ አይደለም። ስለዚህ መነሻውን ኪራይ ሳትቸኩይ ወስኚ። ደላላው ቶሎ ተከራይቶለት ኮሚሽኑን ቢቀበል ደስታው ነው።

ጥያቄ፦ ግብሩስ?

መልስ፦ የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ይታያል፤ ገቢው ሲያድግ ምጣኔው እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የጣሪያና ግድግዳ የሚባለው የቤት ግብር ለብቻው አለ። «ውሉ ላይ አሳንሳችሁ ጻፉ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ኪራዩ በባንክ እየገባ ምን ሊደበቅ ነው?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ገዝቼ ባከራይ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ኪራዩን እዚያው ላሉ ወላጆችህ መደጎሚያ ካሰብከው፣ አዎ። በዶላር የምትቆጥር ከሆነ ግን ይህን እይ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ 120 አለፈ። የ40 ሺህ ብር ኪራይ ከ700 ዶላር ወደ 330 ወረደ ማለት ነው። ቤቱ ያው፣ ተከራዩ ያው። ውክልና ስትሰጥም ማከራየትና መሸጥን አትቀላቅል። ለሚያከራይልህ ሰው የመሸጥ ሥልጣን ምን ያደርግለታል?

ጥያቄ፦ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ውኃ! በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና እስከ አራተኛ እንደሚወጣ ጎረቤት ጠይቅ። ሮቶ ማስቀመጫ አለ? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ውዝፍ ካለ ሻጩ ይጨርስ። መታጠቢያ ቤቱ ወደ ታች የሚያንጠባጥብ ከሆነም የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ አንተን ነው የሚያንኳኳው።

ጥያቄ፦ ለአክስቴ ልጅ ላከራየው?

መልስ፦ ወር ሲያልፍ ደውለህ ኪራይ መጠየቅ ከቻልክ አከራየው። ውሉን ግን ጻፍ።