አልጋው ራስጌ ላይ የሚደረገው ትግል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። በባጃጅ ስንወስደው ቀስ እያልን ውሃ አጠጣነው። አሁን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው፣ አልነቃም። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም ብለው ኦክስጅንና ግፊት ብቻ ሲለኩ ይውላሉ። አጎታችን «እብጠቱን የሚያጠፋ ዴክሳ ገዝታችሁ አስወጉት» ይላል። ምን ይሻላል?
እህቱ ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። «ብቻ» ያልሽው ነገር እኮ ዋናው ሕክምና ነው።

አንጎል ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንዱ አስፋልቱ ላይ የደረሰው ነው፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። ሁለተኛው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ትግሉም ከሱ ጋር ነው። እግር ሲያብጥ ቆዳ ይለጠጥለታል። ራስ ቅል ግን አጥንት ነው፣ አንጎል ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፣ ውስጡ ሲጨናነቅ ደግሞ ደም ወደ ላይ መግባት ያቅተዋል። በዚህ ላይ የደም ግፊቱ ከወረደ ወይ ኦክስጅኑ ካነሰ ከመጀመሪያው ጉዳት የተረፈው የአንጎል ክፍልም ሊሞት ይችላል። ለወጣት የላይኛው ግፊት 110ና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይመከራል። ነርሷ ማሽኑ ላይ አፍጥጣ የምትውለው ለዚህ ነው።

አልጋው ራስጌው 30 ዲግሪ ያህል ቀና ያለው ደም ከጭንቅላቱ በደንብ እንዲወርድ ነው። ስትጠይቂው «ይመቸው» ብለሽ ትራሱን እንዳትነካኪ። አንገቱ ወደ ጎን ከዞረ ደም መላሹ ይታጠፋል። (ዘመድ ሁሉ ትራስ ማስተካከል ይወዳል፣ ምን ይደረግ።) ሰውነቱ ካተኮሰሽ ግን ቶሎ ተናገሪ፤ ትኩሳትም አንጎልን ይጎዳል።

ዴክሳውን ተዉት። አጎትሽ ከሜዳ ተነስተው አላሉም፣ ድሮ ሐኪሞችም የዚህን ዓይነት መድኃኒት ለጭንቅላት ጉዳት ይሰጡ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ክራሽ የተባለ ጥናት ግን ከ10,000 በላይ ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎችን ተከታትሎ ነገሩን ገለበጠው። የዴክሳ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ከተሰጣቸው 21 በመቶው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 18 በመቶ ገደማ።

ውሃውን በተመለከተ፣ ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሪው። ይቆጣኛል ብለሽ አትደብቂ፣ ሳንባውን አይተው ኦክስጅኑ እንዳይወርድ ቀድመው ይጠነቀቁለታል።