ስለ ስትሮክና ስለ እጅ ጠይቃችሁኝ ነበር

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ውሎዬም እዚሁ ጎጃም። «ስትሮክ ስለመታው ሰው እጅ ያላችሁን ጠይቁኝ» ብል ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ሁሉን አልችለውም፤ የተደጋገሙትን መርጫለሁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ አባቴን ስትሮክ ከመታው አራት ወሩ ነው። ኩባያ ሊያነሳ እጁን ሲሰነዝር ክርኑ ይታጠፍበታል፣ ጣቶቹም ጭብጥ ይላሉ። አቅም አጥቶ ነው? ቅቤና ሥጋ እያበላነው ነው።

መልስ፦ እታለም፣ የአቅም ነገር ብቻ ቢሆን ጣቶቹ ባልተጨበጡ። መጨበጥም እኮ ጉልበት ይፈልጋል። ችግሩ ቅንጅቱ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ኩባያ ሊያነሳ ሲል ትከሻው ከፍ ይላል፣ ክርኑ ይዘረጋል፣ መዳፉ ደግሞ ኩባያው ጋ ሳይደርስ ይከፈታል። እያንዳንዱ ጡንቻ ተራውን ያውቃል። ስትሮክ ከአንጎል የሚወርደውን ትእዛዝ ሲያበላሸው ጡንቻዎቹ በጅምላ ይነሳሉ፤ ትከሻ ቀና ሲል ክርንና ጣት ተከትለው ይታጠፋሉ። በሬዎቹ ደህና ናቸው፣ የተጎዳው አራሹ ነው። ትውልደ ስዊድን የሆነችው ፊዚዮቴራፒስት ሲግኔ ብሩንስትሮም ይህን ጠባይ ከብዙ ዓመታት በፊት በደረጃ ከፋፍላ ጽፋዋለች። የአባትሽ እጅ መሐል መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ የክንዱን ክብደት አቅልሉለት። ጠረጴዛ ፊት ይቀመጥ፤ ክንዱ ፎጣ ላይ ይረፍ። ክርኑ እስኪዘረጋ ፎጣውን ወደ ፊት ይግፋ። እዚያ ሲደርስ ጣቶቹን ለመክፈት ይሞክር። ጠረጴዛው ስለተሸከመለት ትከሻው አይታገልም፣ ክርኑም ይፈታል። ይህ ሲቀለው ክንዱን ከጠረጴዛው ትንሽ ትንሽ እያነሳ ይሞክር። ቅቤውን ግን ቀንሱለት፤ ደም ግፊቱንም አስለኩ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ሐኪም ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ይዣት እሄዳለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ፊዚዮቴራፒና መሰል ሕክምናዎችን ተመልክቶ ነበር። በአንድ ቀጠሮ የታመመው እጅ እውነተኛ ሥራ የሠራው በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያውም እዚያ! አንጎል አዲስ መንገድ የሚያወጣው በመቶ የሚቆጠር ድግግሞሽ ሲያገኝ ነው። እቤት በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ወይም 20 ደቂቃ አሠሯት። ሲደክማት ትረፍ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ለእማዬ ምን ዓይነት መሣሪያ እንግዛላት?

መልስ፦ ምንም። እናንተ ቤት በቆሎ ጠፍቶ ነው? የታመመው እጇ ቆረቆንዳውን ይያዝ፣ ደህናው ይፈልፍል። ሲለምድላት ይቀያየሩ። ሁለት እጅ በአንድ ሥራ ላይ ሲገናኝ ከባዶ ማጠፍና መዘርጋት ይልቃል። ከዚያ ባቄላ ትልቀም፤ ከባቄላ ወደ ሽምብራ፣ ከሽምብራ ወደ ምስር። ፍሬው ባነሰ ቁጥር ጣቶቿ ይበልጥ ይፈተናሉ። ጥጥ መፍተል የምትችል ከነበረች እንዝርቱን አሁኑኑ አታምጡ፤ የመጨረሻው ፈተና እሱ ነው። ሲኒም ጥሩ ነው፣ ግን ባዶውን። ስትሮክ የመታው እጅ ሙቀት ላይሰማው ይችላል፤ በፈላ ቡና የተቃጠለ እጅ አይቻለሁ።

አንድ ማጭበርበር አለ፣ ተጠንቀቁ። እጇ አልደርስ ሲላት ወገቧን ጎንበስ አድርጋ ትደርሳለች። ሥራውን ወገብ ሠራው ማለት ነው። ጀርባዋ ከወንበሩ እንዳይለቅ ደረቷ ላይ በነጠላ ላላ አድርጋችሁ ያዙት።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ደህናውን እጅ ማሰር ይጠቅማል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ለሁሉም አይሆንም። ኤክሳይት የተባለው የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ነበሩበት። ሕክምናውን ያገኙት ለሁለት ሳምንት ደህናው እጃቸው ላይ ጓንት አጥልቀው ዋሉ፣ በታመመው ብዙ ሰዓት ሠሩ፤ እጃቸውም ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ። የተመረጡት ግን አንጓቸውንና ጣታቸውን ትንሽም ቢሆን መክፈት የሚችሉ ነበሩ። ጭራሽ የማይንቀሳቀስን እጅ እንዲህ ማስጨነቅ ግፍ ነው። ለሚችል ሰው ተቀምጦ ሳለ ደህናው እጁ ላይ ለአንድ ሁለት ሰዓት ካልሲ አጥልቁለት። ሲራመድ አውልቁ፤ ምርኩዝ የሚይዘው በዚያ እጅ ነው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ትከሻው የወለቀ ይመስላል። ወጌሻ ይሳበው?

መልስ፦ በፍጹም! አጥንቱን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ ነው ወደ ታች የተንሸራተተው። ቢስቡት ይብስበታል። ከአልጋ ስታነሱትም እጁን አትጎትቱ፣ ብብቱንም አትያዙ። የገዛ አጎቴን ዘመድ ሁሉ በዚያ እጁ እየጎተተ ሲያነሳው ከርሞ፣ ከሽባነቱ ይልቅ የትከሻው ሕመም እንቅልፍ ነሳው። ሲቀመጥ ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፉለት።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጠበል ስለጀመረች የግፊት መድኃኒቷን አቁማለች።

መልስ፦ ዛሬውኑ ትጀምር። ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ የለፋንበት ሁሉ ገደል ይገባል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ጣቶቹ አይላወሱም። ረፍዷል?

መልስ፦ ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላም ለውጥ አለ፣ ግን እያዘገመ ነው የሚመጣው። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። መስተዋት ሞክሩ፦ በሁለቱ እጆች መሐል አቁሙት፣ የታመመው ከጀርባው ይደበቅ። ደህናውን እያንቀሳቀሰ መስተዋቱን ይይ። አንጎሉ የታመመው እጅ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ሐሳቡ መጀመሪያ ለተቆረጠ እጅ ሕመም የተፈጠረ ነው፤ ለስትሮክም እንደሚረዳ ታይቷል። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ጥያቄ (ከመርጦ ለማርያም)፦ እማዬ በታመመው እጇ ካላጎረስኩሽ ትለኛለች። ወጡ ልብሴ ላይ ይፈሳል። ልከልክላት?

መልስ፦ እንዳትከለክያት! መያዝ፣ ማንሳት፣ ማነጣጠር፣ አፍ ላይ ሲደርሱ መልቀቅ፤ ከዚህ የተሻለ ልምምድ እኔም አላዝላትም። ለጊዜው ደረቅ ፍርፍር ይሁን። አንቺ ግን ወደ እጇ አትጠጊላት። አፍሽን ከፍተሽ ጠብቂ፣ እጇ ይምጣ።