አንዱን ለክቼ ሌላውን ኮረጅኩ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ ደወለችልኝ። የከተሞችን የሕንፃ ታሪክ ለማጥናት በክረምት ኮርስ አውሮፓ ልትሄድ ነው። "ጋሼ፣ በአምስት ሳምንት ስንት ከተማ ማዳረስ ይቻላል?" አለችኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔም በ1986 ዓ.ም. ክረምት ሮም ነበርኩ። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ያቃጥላል። መምህራችን ጠና ያለች ሴትዮ ነበረች። ለእኔ የሰጠችኝ ትራስቴቬሬ ሰፈር ያለችውን የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃዋ የ12ኛው መቶ ዘመን ነው። ውስጧን የሚከፍሉት 22 የግራናይት አምዶች ግን በዕድሜ በብዙ ይበልጧታል፤ ካራካላ ከሚባለው የጥንት ሮማውያን መታጠቢያ ፍርስራሽ የመጡ ናቸው ይባላል። ሥራዬ አንዱን ረድፍ ለክቶ መሳል ነበር።

አንዱን ለካሁ። ሌሎቹን ሳያቸው ያው ናቸው። ሞቀኝ፣ ራበኝ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አበሾች ጋ እንጀራ ይገኛል ተብዬ ነበር። የቀሩትን አምዶች ከመጀመሪያው ገልብጬ ደረደርኩና ወደ ጥብሴ ሄድኩ። ጥብሱም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጫማ ነበር።

በማግስቱ ሴትዮዋ ሥዕሌን አየች። አልተቆጣችም። እዚያው ወስዳ አምዶቹን አንድ በአንድ አስዳሰሰችኝ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። የአንዱ አናት እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ የሌላው በቅጠል የተሸፈነ። ግንበኞቹ ያገኙትን ድንጋይ ለማስማማት ምን ያህል እንደተቸገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጥቅልሎቹ መሃል የተፈነካከቱ ቦታዎች አሉ። የኢሲስና የሴራፒስ ፊቶች ነበሩ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. እድሳት ሲደረግ የአረማዊ አማልክት ናቸው ተብለው በመዶሻ ተነሱ። በእኔ ሥዕል ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ሜትሩን መልሳ ዘረጋችልኝ። "ቅዳሜ እኮ ወደ አገሬ ልመለስ ነው" አልኳት። ኩራት ይሁን እፍረት እስካሁን አልለየሁትም። ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሚገርመው ሰነፍ አልነበርኩም። እሁድ እሁድ የአክሱም ሐውልት ጋ እንሄድ ነበር፤ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ስለሆነ ያኔ ገና ሮም ነው። የቆመው ከካራካላ መታጠቢያ ብዙም ሳይርቅ ነበር። እግሩ ሥር የተቀረጸውን የውሸት በር በስንዝር ለክቼ፣ ክብ ክብ የግንድ ጫፎቹን ቆጥሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም።

ፓስፖርትና ምቹ ጫማ ምናምን አልነግራችሁም። "ስልኬ ራሱ ይለካዋል" የምትሉኝ አላችሁ። ይለካ። የእናንተ ትውልድ ሕንፃ ፊት ቆሞ የሚያየው ራሱን ነው።

ስንት ከተማ ላልሽኝ፣ አንድ ይበቃሻል። ፍሎረንስን ግን እንዳትዘያት፤ በባቡር ቅርብ ናት። አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ በ1420 እ.ኤ.አ. የጀመረው የካቴድራሉ ጉልላት ሁለት ቅርፊት ነው፤ 463ቱን ደረጃ ስትወጪ በቅርፊቶቹ መሃል ታልፊያለሽ። እሺ፣ ሁለት ከተማ።

ፎቶም አታንሱ ልል ነበር። ግን ከዚያ ክረምት የቀረችኝ አንዲት ፎቶ ናት። ትናንት ለልጅቷ ላክሁላት። አንዱን አምድ ተደግፌ እስቃለሁ፤ ከኋላዬ ሁለት ሌሎች ይታያሉ። ውፍረታቸው እንደሚለያይ ከፎቶው ላይ እንኳ ይታወቃል።