2,147,483,647፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጎንደር ላሉ የሂሳብ ወዳጆች «ስለ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ፕራይም ስለምንላቸው፣ ማለትም ከ1 በልጠው ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ስለሌለ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ ርዕሱ ላይ ያለውን ቁጥር አነሳችሁ። ደስ ብሎኛል፤ እኔም በጣም የምወደው ቁጥር ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ መምህር፣ ያኔ ካልኩሌተር እንኳ ሳይኖር ብቸኛ መሆኑ እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ ያረጋገጠው የስዊዘርላንዱ የሂሳብ ሊቅ ኦይለር ነው፤ በ1772 እ.ኤ.አ.። ቁጥሩ 2 በ31 ርቢ ተነስቶ (31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው) 1 ሲቀነስለት የሚገኝ ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ ትንሹ ከ46,340 አይበልጥም ነበር። ስለዚህ እስከዚያ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ግን እነሱም ከ4,700 በላይ ናቸው፤ በእጅ ማካፈል ወገብ ይቆርጣል። የኦይለር ብልሃት እዚህ ጋ ነው። ብቸኛ የሆነ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ የርቢው የ31 እጥፍ ለሆነው ለ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ። የሚሞከሩት ከ373 አይበልጡም ማለት ነው! የመጀመሪያዎቹ 63 እና 249 ናቸው፤ ለ3 ስለሚካፈሉ እንዝለላቸው። ቀጥሎ 311። አካፍሉት፣ 35 ይተርፋል። እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው ቢኬድ አንድም አካፋይ የለም። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ይሄው ነበር።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ርቢው ብቸኛ ከሆነ ውጤቱም ሁሌ ብቸኛ ነው?

መልስ፦ አይደለም። 2 በ11 ርቢ ሲቀነስ 1፣ 2,047 ነው። እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። ርቢው ብቸኛ ካልሆነ ግን ውጤቱም በፍጹም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጌም ስጫወት ነጥቤ እዚሁ ቁጥር ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ብቸኛ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ የለም፣ ከብቸኝነቱ ጋር አይገናኝም። ብዙ ፕሮግራሞች ቁጥርን በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች፣ ይይዛሉ። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል፤ በቀሩት 31 የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ይሄ ነው። ሰዓትንም ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምረው በሰከንድ የሚቆጥሩ የቆዩ ሲስተሞች አሉ። እነሱ የሚሞሉት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት፤ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕሩ በሰው በሚጨናነቅበት ጠዋት! ሲስተሞቹ እስከዚያ መስተካከል አለባቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብቸኝነቱ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ኮምፒውተር የዕጣ ዓይነት ቁጥር ሲያወጣ ይጠቅማል። አንድ ቁጥር ይዞ በ16,807 ያባዛል፣ ለ2,147,483,647 ያካፍላል፣ ቀሪውን ይወስዳል፤ ከዚያ ይደግመዋል። ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ሁሉ ሳያዳርስ ወደ መነሻው አይመለስም።

ጥያቄ፦ ዛሬ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁስ?

መልስ፦ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ነው፤ 2 በ136,279,841 ርቢ ሲቀነስ 1። 41,024,320 አሃዞች አሉት።

ጥያቄ (ከ8ኛ ክፍል ተማሪ)፦ እኔስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጎበዝ! 2 በ23 ርቢ ሲቀነስ 1፣ 8,388,607 ነው። በኦይለር መንገድ አካፋዩ ለ46 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። የመጀመሪያውን ሞክሪና ያገኘሽውን ጻፊልኝ።