ሳተላይቱ አያይህም፤ ስልክህ ነው የሚሰማው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት አየሁት፤ ሜዳ ላይ ስለነበርኩ ሳልመልስ ቀረሁ። ለሌሎችም እንዲገባ ልድገመው። ስልክህን በአውሮፕላን ሞድ አድርገህ፣ ዳታም ኔትወርክም ሳይኖር፣ ያለህበትን ቦታ አሳየህ። «ታዲያ ሳተላይቱ ያየኛል ማለት ነው?» አልክ። ቀጥለህ ደግሞ የግቢህን አንድ ጥግ በስልክህ ለካኸው። የይዞታ ካርታህ ላይ ካለው ኮኦርዲኔት (የጥጉን ቦታ ከሚናገረው ቁጥር) ጋር 6 ሜትር ተለያየብህ። «ጎረቤቴ ገፍቶኛል?» ብለህ ጠየቅህ።

እኔ ቀያሽ ነኝ። መንገድ ላይም፣ መስኖ ላይም፣ የከተማ ካዳስተር (የይዞታ ልኬትና ምዝገባ) ላይም ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ ከገበሬም ከኢንጂነርም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው ጥያቄህ ጎረቤት የሚያጣላ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ሳተላይቱ አያይህም። መኖርህንም አያውቅም። ቦታህን ለማወቅ ስልክህ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው አንዳች ነገር የለም። ጂፒኤስ፣ ማለትም ስልክህ ቦታውን የሚያውቅበት የሳተላይት ሥርዓት፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ነው። ስልክህ እንደ ሬዲዮ ይሰማል፤ ሒሳቡን የሚሠራው ራሱ ነው። ዳታ ያላስፈለገህም ለዚህ ነው። ያለህበትን ለሌላ ሰው የሚናገረው ስልክህ ላይ የጫንከው አፕ ነው፤ እሱ የሚልከው በኢንተርኔት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለጀማሪ ልጆች የማስረዳው በደወል ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሌሊት ልክ 11 ሰዓት ላይ ይደውላል እንበል። አንተ ድምፁን የሰማኸው 11 ሰዓት ከ3 ሴኮንድ ላይ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚያ ደወል 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀሃል። በየት በኩል እንደሆንክ ግን አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያኑን መሐል አድርጎ በተሰመረ ክብ ላይ የሆነ ቦታ ነህ። ሌላ ቤተ ክርስቲያንም እኩል 11 ሰዓት ላይ ከደወለ ሁለተኛ ክብ ታገኛለህ። ሁለቱ ክቦች ሁለት ቦታ ላይ ይቆራረጣሉ። የትኛው ላይ እንዳለህ ሦስተኛው ደወል ይለይልሃል። ደዋዩ ግን አንተን አያውቅህም። አንድ ሰው ሰማው ሺህ ሰው ሰማው፣ ለእሱ ያው ነው።

አሁን ደወሎቹን ሰማይ ላይ ስቀላቸው። የአሜሪካ የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ቁጥራቸው 30 ያህል ነው። እያንዳንዱ በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራል። የሚልኩት የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። መልእክቱ በአጭሩ «እኔ እገሌ ነኝ፤ በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ላይ ነበርኩ» የሚል ነው። ከአናትህ ላይ ካለ ሳተላይት ተነስቶ ስልክህ ለመድረስ 0.067 ሴኮንድ ይፈጅበታል።

መከራው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በደወሉ ምሳሌ ሰዓትህ በ1 ሴኮንድ ቢሳሳት 340 ሜትር ትስታለህ። እዚህ ግን በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ብትሳሳት 300 ሜትር ትስታለህ። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት፣ ማለትም እጅግ ትክክለኛ ሰዓት፣ ተሸክመዋል። አንተ ኪስ ውስጥ ያለው ግን እንደ ተራ የእጅ ሰዓት ያለ ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ነው። ታዲያ እንዴት ይሠራል?

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መልሱ ነው። ሰዓትህ ቀድሞ ከሆነ ሁሉም ደወሎች በእኩል መጠን የራቁ ይመስሉሃል። ስህተቱ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ክቦች አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም፤ ይደራረባሉ። ሁሉንም እኩል እያሳጠርክ ስትሄድ የሆነ ቦታ ላይ ግጥም ይላሉ። የገጠሙበት ነጥብ አንተ ያለህበት ነው፤ ያሳጠርከው መጠን ደግሞ የሰዓትህ ስህተት ነው። ሜዳ ላይ ሦስት ደወል ይበቃል። ሰማይ ላይ ግን ከፍታም መታወቅ ስላለበት አንድ ይጨመራል። «ቢያንስ አራት ሳተላይት» ሲባል የምትሰማው ከዚህ የመጣ ነው። በዚያው ስልክህ የአቶሚክ ሰዓት ትክክለኛነት በነፃ አገኘ ማለት ነው። የቴሌኮም ማማዎች ሰዓታቸውን ከጂፒኤስ የሚወስዱትም ለዚህ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሳን አንስታይንም አለበት። እዚያ ከፍታ ላይ የምድር ስበት ደካማ ስለሆነ ሰዓት ይፈጥናል፤ በፍጥነት ስለሚበር ደግሞ በጥቂቱ ይዘገያል። ሁለቱ ሲደመሩ የሳተላይቱ ሰዓት ከምድሩ በቀን በ38 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ይቀድማል። ይህ ባይታረም ስህተቱ በየቀኑ ወደ 11 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት ይከማች ነበር። ስለዚህ ሰዓቶቹ ከመምጠቃቸው በፊት ትንሽ ዘግይተው እንዲሄዱ ሆነው ነው የሚስተካከሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳታ ሲጠፋ ቦታህን ለማግኘት ስልክህ እንደሚቆይ አስተውለህ ይሆናል። ሳተላይቱ መልእክቱን የሚልከው በሴኮንድ 50 ቢት ነው። ይህ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ «የት እንደምገኝ» የሚለው ክፍል የሚደጋገመው በየ30 ሴኮንዱ ነው። ዳታ ካለህ ስልክህ ይህንን ከኢንተርኔት በቅጽበት ያወርደዋል። ዳታ ከሌለ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ገጠር ስትገባ «አልሠራም» ብለህ ቶሎ አትዝጋው። ሰማይ በሚታይበት ቦታ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁምለት።

አሁን ወደ 6 ሜትሩ እንምጣ።

ምልክቱ እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ደካማ ነው። ሳተላይቱ የሚልከው በጥቂት አሥር ዋት ኃይል ነው፤ እንደ ቤት አምፖል ብለህ አስበው። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርስህ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከገባህ ያልቃል። ከቆርቆሮ አጥር ወይም ከመስታወት ሕንፃ አጠገብ ከቆምክ ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል፤ ምልክቱ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይደርስሃል። ገደል አጠገብ ስትጮህ የገደል ማሚቶ እንደሚመለስልህ ማለት ነው። ነጥሮ የመጣው ረጅም መንገድ ስለሄደ ስልክህ ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል። ቦሌ መንገድ ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ ወደ ማዶው አስፋልት የምትዘለው ለዚህ ነው። የግቢህ ጥግ የቆርቆሮ አጥር ከሆነ 6 ሜትሩ ከዚያ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ከኛ አገር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ምልክቱ ከመድረሱ በፊት አዮኖስፌር የሚባለውን፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችውን የላይኛውን አየር ያልፋል። እዚያ ይዘገያል። የማግኔት የምድር ወገብ (ካርታ ላይ የምታውቀው ሳይሆን የምድር ማግኔታዊ ኃይል ወገብ) ደግሞ በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው። በዚህ መስመር አካባቢ አዮኖስፌሩ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይረበሻል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም።

ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት። አንድ መጋቢት ላይ የመቆጣጠሪያ ነጥብ (ሌላው ልኬት የሚነሳበት፣ ቦታው በትክክል የሚታወቅ ነጥብ) ለማውጣት መሣሪያውን ኮረብታ ላይ ተክለን አጠገቡ አደርን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከዋክብቱን መቁጠር ይቻላል። ፀሐይ ስትገባ ሁሉም ደህና ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ግን መሣሪያው ሳተላይቶችን አንድ በአንድ መጣል ጀመረ። ይይዛል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። አብሮኝ የነበረው ልጅ ባትሪ ቀየረ፣ ኬብል ነቅሎ ሰካ። መሣሪያው ግን ምንም አልሆነም። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሁሉም በየቦታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ትክክለኛነት የሚፈልግ ሥራ ጠዋት ነው የምጀምረው።

ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ፣ ማለትም ከአንድ ሳተላይት ሁለት ዓይነት ሞገድ የሚሰማ፣ ይህን መዘግየት በደንብ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ሞገዶች የሚዘገዩት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ከልዩነታቸው መዘግየቱን ማስላት ይቻላል። ከ2018 ወዲህ ይህን የሚችሉ ስልኮችም ወጥተዋል። እንደ ጂፒኤስ ያሉት የራሺያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ እና የቻይናው ቤይዱ ሲጨመሩም የሚሰሙት ደወሎች ይበዛሉ። ያም ሆኖ ግልጽ ሜዳ ላይ ስልክ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢስት ደህና ነው የሚባለው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እኔ በራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ገጠር መንገድ መሐል መስመር ችካል እንድተክል ተላክሁ። ኮኦርዲኔቱን በወረቀት ተቀበልኩ፤ ሀንድሄልዱ (በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ) ላይ አስገባሁ፤ እስከ ቀትር ሃያ ያህል ችካል ተከልኩ። ችካሎቹ ጤፍ ማሳ መሐል ለመሐል ገቡ። የማሳው ባለቤት የሆኑ አንድ አባት መጡ። አልተቆጡም። ዱላቸውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘርግተው «ልጄ፣ ያኔ የለኩት ሰዎች እኮ በዚያች ዋርካ ሥር ነው ያለፉት» አሉኝ። ዋርካዋ ከቆምኩበት ከ200 ሜትር በላይ ትርቃለች። እኔ ስክሪኑን አሳየኋቸው፤ ትክክል ነኝ አልኩ። ማታ አለቃዬ ወረቀቱን አየና ጥግ ላይ ያለችውን አንዲት ቃል በጣቱ ነካት። «አዲንዳን» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮኦርዲኔት ከሆነ መነሻ የተቆጠረ ቁጥር ነው። መነሻው ከተቀየረ ያው ቁጥር ሌላ መሬት ላይ ያርፋል። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ ነጥብን መነሻ ያደረገ፣ ከጂፒኤስ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። የቆዩት የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በእሱ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው። አዲስ አበባ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በምሥራቅ 90 ሜትር፣ በሰሜን 200 ሜትር ገደማ ነው። እኔ የአዲንዳንን ቁጥር በደብሊውጂኤስ ወደተስተካከለ መሣሪያ ስላስገባሁ ሁሉም ችካል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሸ። በማግስቱ ችካሎቹን ነቅዬ፣ እኚያን አባት ይቅርታ ጠየቅሁ። መንገዱም ዋርካዋ ሥር አለፈ።

ለአንተ የሚጠቅምህ ይኸው ነው። ልዩነቱ 200 ምናምን ሜትር ቢሆን ኖሮ «ዳተሙን (የቁጥሩን መነሻ ሥርዓት) ተሳስተሃል» እልህ ነበር። 6 ሜትር ግን የዳተም ስህተት አይመስልም፤ የስልክ ስህተት ነው የሚመስለው።

ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ስልክህን እዚያው ጥግ ላይ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጥ። ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ ላይ፣ በማግስቱም ኮኦርዲኔቱን ጻፍ። ድንጋዩ አልተንቀሳቀሰም። ቁጥሮቹ ግን በየሰዓቱ ሲቀያየሩ ታያለህ። ድንጋዩ ራሱ 5 ወይም 6 ሜትር «ከሄደ» ጎረቤትህ ላይ የምትለው ነገር የለህም።

እኛ ድንበር የምንለካው በሌላ መንገድ ነው። አንድ መሣሪያ ቦታው በትክክል በሚታወቅ ነጥብ ላይ ይተከላል፤ ቤዝ እንለዋለን። ቤዙ የት እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ሳተላይቶቹ በዚያች ቅጽበት በስንት እንደሚያሳስቱት ያውቃል። ይህን በሬዲዮ ለሮቨሩ ይነግረዋል። ሮቨሩ ዘንግ ላይ የተሰካው፣ ይዘነው የምንዞረው ነው። ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ የሚሰሙት ስህተት ተመሳሳይ ነው፤ ስለዚህ ይጠፋፋል። የሚቀረው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ስክሪኑ ላይ «ፊክስ» (ሒሳቡ ረግቷል ማለት ነው) ሳይል የተወሰደ ነጥብ ግን አትቀበል። «ፍሎት» (ገና አልረጋም) እያለ የሚመዘግብልህ ባለሙያ ካየህ አስቁመው።

ቀያሽ ከመጥራትህ በፊት ግን 50 ሜትር የሚሆን ቴፕ ተዋስና የግቢህን አራት ጎኖችና ሁለቱን አግድሞሽ ከጥግ ወደ ጥግ ለካ። ከካርታው ርዝመቶች ጋር አስተያይ። ለዚህ ሥራ ቴፕ ከስልክ እጅግ ይሻላል። ርዝመቶቹ በሴንቲ ሜትሮች ልዩነት ከገጠሙ ተረጋጋ። አንዱ ጎን በግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካጠረ ያኔ ባለሙያ ጥራ። ጎረቤትህም ሲለካ አብሮ ይቁም።

አንድ ነገር ላክልኝ። ካርታህ ላይ ከኮኦርዲኔቱ ሰንጠረዥ በላይ ወይም በታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፋት፤ ስምህንና የይዞታ ቁጥርህን ሸፍን። አዲንዳን ይሁን ደብሊውጂኤስ አይቼ ነገ ማታ እነግርሃለሁ።