ስልኩ ከመከፈቱ በፊት

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ከ30 ዓመታት በላይ በሒሳብ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ጽሞና ልጽፍላችሁ ስነሣ «የሒሳብ ሠራተኛ ስለዚህ ምን ያውቃል?» እንደምትሉ እገምታለሁ፤ ይሁንና ነገሩን ያስተማረኝ ገዳም ሳይሆን አንድ የሰኔ መዝጊያ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ በዚያ ሰሞን የሒሳብ ክፍል እንቅልፍ የለውም። አንድ ዓመት ትራያል ባላንሱ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምሮች እኩል መሆናቸው የሚታይበት ሰንጠረዥ፣ በ1,800 ብር አልገጥም አለን። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጥ ነውና፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ሌጀሩን (ዋናውን የሒሳብ መዝገብ) ገጽ በገጽ ስናገላብጥ አነጋን። ስሕተቱ የተገኘው በእኔው የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ 6,840 መሆን የነበረበትን 8,640 ብዬ ገልብጬዋለሁ። ያን መስመር ስጽፍ ስልክ እያነጋገርሁ እንደነበር ትዝ አለኝ። እጄ መዝገቡ ላይ ነበር፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

ብዙ ሰው ተመስጦን አእምሮን ባዶ ማድረግ አድርጎ ስለሚያስበው ሁለት ቀን ሞክሮ «አልቻልሁም» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምሠራው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ጠዋት ስልኬን ሳልከፍት ወንበር ላይ ቀና ብዬ እቀመጥና የሚወጣውን ትንፋሼን ከ1 እስከ 10 እቆጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ 4 ላይ ስደርስ የቤት ኪራይ ሳሰላ ራሴን አገኘዋለሁ፤ ሳልበሳጭ ወደ 1 እመለሳለሁ። ልምምዱ መመለሱ ራሱ ስለሆነ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 20 ጊዜ የተመለሰ ሰው 20 ጊዜ ሠርቷል እንጂ አልተሸነፈም።

ገዳማውያን አርምሞ የሚሉትን፣ ሱባኤ የሚገባ ሰውም ከወሬ ርቆ ልቡን የሚሰበስብበትን ሥርዓት ታውቁታላችሁ፤ የእነርሱ ዓላማ ጸሎት ነውና ከእኔ ትንፋሽ ቆጠራ ጋር አላስተካክለውም። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕሙማን የጀመረው ሥልጠና ይህንኑ ልምምድ ወደ ሕክምናው ዓለም አስገብቶታል። (ትኩረታችንን የወሰደው ስልክ ዛሬ በመተግበሪያ ትኩረት ላስተምራችሁ ማለቱ ግን ያስቀኛል።)

ከቆጠራው በኋላ በትንሽ ደብተር ላይ ለአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ እጽፋለሁ፤ «ዛሬ ሳልሠራው ብውል የሚቆጨኝ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ይህን ስጀምር መልሱ ሁልጊዜ ሪፖርት ወይም ስብሰባ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ደብተሩን መለስ ብዬ ሳገላብጥ «ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለ አባታችን ቤት መነጋገር» የሚል መስመር 11 ቀን ተደጋግሞ አየሁ። በእነዚያ 11 ቀናት ዴስኬ ላይ ያደረ ፋይል አልነበረም፤ ባልደረቦቼም ትጉህ ይሉኝ ነበር፤ ለካ ያ ሁሉ ጥድፊያ ከዚያች መስመር መሸሻ ኖሯል።

በ12ኛው ቀን ደብተሩን ዘግቼ፣ ቡና እንኳ ሳልጠጣ፣ ደወልሁለት።